ባለ ስድስት ጎማው መኪናና አምሳ አለቃው

ፎቶውን ያሳየኝን ሽማግሌ ፈረንጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም። ያን ጊዜ እዚህ ፈረንጅ አገር ቫን እነዳ ነበር፤ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎችን ከየቤታቸው እየለቀምኩ ዲያሊሲስ አደርሳለሁ፣ ሲጨርሱ እመልሳለሁ። እሱን በሳምንት ሦስት ቀን ከሮዝዌል ፒክ አደርገዋለሁ። ገና ቀበቶውን ሳያስር ማማረር ይጀምራል። ኤሲው በዛ፣ ኤሲው አነሰ፣ በዚህ መንገድ ለምን መጣህ፣ ጂፒኤሱ በወዲያ ነው የሚለው። እኔም አፌ አያርፍም፤ «እንግዲያው ጂፒኤሱ ይንዳህ» እለዋለሁ። እንዲህ እየተነካከስን ሁለት ዓመት ተመላለስን።

ሰውዬው ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ከመሰሎቹ ጋር ቻምብሊ ያለው ትንሹ ኤርፖርት አጠገብ የአውሮፕላን ማቆሚያ ሃንጋር ተከራይተው የድሮ የጦር አየር ሜዳ መኪኖችን ያድሳሉ፤ ነዳጅ ቀጂውን፣ አውሮፕላን ጎታቹን፣ የእሳት አደጋውን። አንድ ጠዋት ስልኩን ከኋላ ወንበር አሻግሮ አፍንጫዬ ስር ደቀነው። ፎቶው ላይ ቀለሙ የተላጠ፣ ፊቱ ደፍጣጣ፣ ባለ ስድስት ጎማ መኪና ጭቃ ውስጥ ቆሟል።

«ከአንድ ገበሬ ግቢ ነው ያወጣነው» አለኝ። «ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ወልቋል። ሦስት ወር ሙሉ ተከራከርን፤ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ጠፋ።»

ቀይ መብራት ይዞኝ ነበርና ደህና አድርጌ አየሁት።

«እኔ አውቀዋለሁ። ነድቼዋለሁ» አልኩት።

ሳቀ። «የት? አፍሪካ?»

ደሜ ፈላ። «አዎ አፍሪካ! እናንተው ናችሁ በንጉሡ ጊዜ የላካችሁልን። ስማኝ፣ ዛሬ ስትሄድ የሾፌሩን በር ክፈት። ከመቀመጫው በስተግራ ወለሉ ላይ አጭር የብረት ዘንግ አለ። መኪናው ሁለት ሞተር ነው ያለው፤ አንዱ ጎማውን ያዞራል፣ አንዱ ፓምፑን። ዘንጉ የፓምፑ ነው፤ በእጅ እሺ አይልህም፣ በተረከዝህ ነው የምትመታው። ጣሪያው ላይ ሰው እስከ ወገቡ የሚወጣበት ክብ ቀዳዳ አለ። የክዳኑ ማጠፊያ በቀኝ ነው። በግራ ሆኖ ካገኘኸው ውሸታም በለኝ።»

በሚቀጥለው ጉዟችን ስለ ኤሲው ትንፍሽ አላለም። ቀበቶውን አሰረና «በቀኝ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሃንጋሩ መሄድ ጀመርኩ። ፈረንጆቹ መጽሐፍ ገልጠው፣ መነጽር ሰክተው ይጨቃጨቃሉ፤ እኔ መጽሐፍም አላነሳም። ብሎኑን ዳስሼ ይህ ኋላ የተገጠመ ነው፣ ይህ መስታወት የሌላ መኪና ነው፣ ይህን መሰላል የበየደው ሰነፍ ነው እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ አልወደዱኝም። የራሳቸው ጉዳይ።

በዚያው ሰሞን ዶራቪል ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ልትመርጥ ተነሳች። የእኛ ልማድ እንዲህ ነው። የታጩት ሰዎች ስም እሁድ በማይክ ይነበባል፤ ከዚያ ለተቃውሞ ሁለት ሳምንት ይሰጣል። በሰውየው ላይ ክፉ ነገር የሚያውቅ ጽፎ ለኮሚቴው ያስገባል። ያላስገባ ኋላ አፉን ይዝጋ። የዚያን እሁድ አራት ስም ተነበበ። ሦስተኛው ሲጠራ ሳላስበው ብድግ አልኩ። ሚስቴ ኮቴን ጎትታ አስቀመጠችኝ።

«ተው፣ በእግዚአብሔር!» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የማንን ስም እንደጠሩ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። አርባ ዓመት ሊሆነው እኮ ነው!»

ሰውየው ያኔ አምሳ አለቃ ነበር፤ እኔ ዛሬም ሌላ ስም የለኝም ለእሱ። በደርግ ዘመን ስሙን በማልጠራው አንድ የአየር ሜዳ የእሳት አደጋ ጓድ ውስጥ አለቃዬ ነበር። እኔ የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ፣ የባለ ስድስት ጎማው ሾፌር። እሱ ቦታው ጣሪያው ቀዳዳ ላይ ነው፤ እኛ መድፍ የምንለውን የውሃ መትፊያ ያዞራል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የልምምድ አውሮፕላን መንደርደሪያውን አልፎ ሜዳው ላይ ተከሰከሰና ተያያዘ። ነድቼ ደረስኩ። ዘንጉን በተረከዜ መታሁት፣ ውሃው ከራሴ በላይ ወጣ፤ እሳቱም ጎንበስ ማለት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ውሃው ቆመ። አምሳ አለቃው ጣሪያውን በቡጢ ሁለት ጊዜ ደበደበ። ወደ ኋላ ማለት ነው። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ። አብራሪው ገና በሕይወት ነበር፤ እጁን ከመስታወቱ ውስጥ አይቼዋለሁ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ።

በማግስቱ መርማሪዎች መጡ። የመኪናችን ታንከር ሲከፈት ከግማሽ በላይ ውሃ አለው! «ውሃ እያለህ ለምን አቆምክ?» አሉት። «ፈራሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም ያየሁትን መሰከርኩበት፤ ውሃው ቆመ፣ ተመለስ አለኝ አልኩ። ማዕረጉን ገፈው ሁለት ዓመት አሰሩት። እኔን በእሱ ቦታ አስቀመጡኝ።

እና ይህን ሰው ስንት አገር ካቋረጥኩ በኋላ ዶራቪል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አላገኘውም? ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። እኔ እንደ ግንድ ቆምኩ። አቤት ድፍረት! በየእሁዱ ልጆቼን በስም በስም እየጠራ ይጠይቀኛል። ኪችን ገብቶ ሳህን ሲያጥብ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ታሪኩን ለአዲስ መጪው ሁሉ አወራለሁ። «ፈሪ ነው፤ ውሃ ይዞ ሰው ያስበላ ነው» እላለሁ። መባ ለመሰብሰብ እንኳ የሚያምነው እስኪጠፋ ድረስ አወራሁ። ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ ያኔ ይህን እንደ ጽድቅ እቆጥረው ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ። ሐሙስ ቀን የኮሚቴው ጸሐፊ ደወለችልኝ፤ ነርስ ናት፣ እዚህ ያደገች፣ አማርኛዋ እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት።

«ጋሼ፣ ደብዳቤህን አነበብነው። ላይክ፣ በጣም ሲሪየስ ነገር ነው። ማስረጃ አለህ?»

አለህ ትለኛለች! ጋሼ ብላ አለህ! ቢሆንም ዋጥ አደረግኩት።

«ማስረጃዬ ቻምብሊ ቆሞልሻል» አልኳት። «ቅዳሜ ነይ። እሱንም ይዘሽው ነይ፤ ፊት ለፊት ይየው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጆቹ ፓምፑን ጠግነው ጨርሰው ያን ቅዳሜ ሊሞክሩት ነበር። ያንኑ ዓይነት መኪና፣ ያንኑ ዓይነት ታንከር። ውሃው ለስንት ጊዜ እንደሚተፋ ልጅቷ በሰዓቷ ትያዝ፤ እሱ ያን ቀን ያቆመው ስንት ብሎ እንደሆነ እኔ እነግራታለሁ። ከዚያ ይካድ እስቲ ብዬ ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ዋልኩ።

መጣ። ሱፍ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ መጣ። መኪናውን ሲያየው ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሄዶ የበሩን እጀታ ያዘው። «እንዴት ነህ አንተዬ» አለው መኪናውን። ለእኔ ደግሞ እንደ ልማዱ ትከሻውን ይዞ መጣ። ወደ ኋላ አልኩበት።

«ለሰላምታ አይደለም የተጠራኸው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ሽማግሌው ፈረንጅ ጣሪያው ላይ ወጥቶ መድፉን ያዘ፤ ዲያሊሲስ ወንበር ላይ ሲቃትት የሚውል ሰው እዚያ ላይ የሃያ ዓመት ወጣት መሰለ። ታንከሩ ያፈስ ይሆናል ብለው የሞሉት እስከ ግማሽ ብቻ ነው። ከእኔ በቀር ዘንጉን የሚያውቀው የለምና ሾፌሩ ቦታ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። አምሳ አለቃው ከጎኔ በሩ ላይ ቆመ። ልጅቷ ከሌሎቹ ጋር ራቅ ብላ ስልኳን አውጥታ ትጠብቃለች። ዘንጉን በተረከዜ መታሁት።

ውሃው ወጣ! ፈረንጆቹ እንደ ሕፃን ጮሁ። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። ያን ቀን እሱ ያቆመበትን አለፍን፤ ዞር ብዬ አየሁት፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። አልፈን ሄድን፣ ሄድን። ቀጥሎ ድንገት ከወለሉ ስር ኮረት በብረት ድስት ውስጥ እንደሚናጥ ያለ ድምፅ መጣ። የፓምፑ ሞተር ሸክም የወረደለት ያህል ብቻውን ጮኸ፤ ወንበሩ መቀመጫዬ ስር ተንቀጠቀጠ። ውሃው ሁለቴ አስነጠሰና ቆመ። ታንከሩ አለቀ።

ሰው ያጨበጭባል። እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ሰምቼዋለሁ። በቡጢ ከመደብደቡ በፊት፣ ውሃው ሲቆም፣ ይኸው ኮረት፣ ይኸው ጩኸት ከእግሬ ስር ነበር። መድፉ በእጅ ሲዘጋ እንዲህ አይልም፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያንን መኪና ነድቻለሁ፣ ሲዘጋ ያለውን ድምፅ አሳምሬ አውቃለሁ፣ ፓምፑ እርጥብ ሆኖ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ደረቅ ፓምፕ ብቻ ነው ኮረት የሚንጠው። ከዚያ ቀን በኋላ ታንከሬን ባዶ አድርጌ ስለማላውቅ ድምፁን ዳግመኛ አልሰማሁትም ነበር። እሳቱንና የአብራሪውን እጅ ሳስታውስ ጆሮዬ የሰማውን ረስቼዋለሁ።

«ውሃው አልቆ ነበር እንዴ?» አልኩት።

የበሩን እጀታ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

«ውሃው አልቆ ነበር ወይ ነው የምልህ!»

«ድምፅህን ቀንስ» አለ። ልጅቷን በዓይኑ ፈለጋት፤ ሩቅ ናት። «አዎ። አልቆ ነበር።»

«በማግስቱ እኮ ታንከሩ ውስጥ ውሃ ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሞተሩ ተበላሽቶ ጋራዥ ከቆመው ከሁለተኛው መኪና በውሃ ጎማ ስቤ። አንተ ያን ሰዓት ከሃንጋሩ ጀርባ ታስመልስ ነበር።»

ከዚያ በኋላ እሱ መናገር አላስፈለገውም፤ ሁሉም ነገር ራሱ መጣልኝ። በእኛ ሰፈር ያን ጊዜ ውሃ ለሳምንታት ይጠፋ ነበር። ሰው የሞተበት ቤት ካለ የእሳት መኪናው ማታ ይሄድና ድንኳኑ አጠገብ ያለውን በርሜል ሁሉ ይሞላል፤ ሲመለስ ከአየር ሜዳው የውሃ ማማ ይሞላል። ማንም አይጽፈውም፣ ማንም አይከለክለውም። ለቅሶ ቤት ውሃ መከልከል ማን ይደፍራል? አባቴ የሞተው በዚያ ሳምንት ነው። አውሮፕላኑ ከመከስከሱ በፊት በነበረው ማታ መኪናውን ይዤ ሄጄ የድንኳኑን በርሜሎች በሙሉ ሞላሁ። ስመለስ የውሃ ጎማውን ከማማው ጋር አገናኝቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ወደ ለቅሶዬ ተመለስኩ። ጠዋት አምሳ አለቃውን «ሞልቻለሁ» አልኩት።

«ማማው ባዶ ነበር» አለኝ። «አንተ አላየህም። እኔም ወጥቼ አላየሁም፤ ሐዘንተኛ ነህ ብዬ፣ ሞልቻለሁ ስትለኝ መዝገቡ ላይ ሙሉ ብዬ ፈረምኩ። ይህ የእኔ ነው። ባዶ ታንከር ቢያገኙ ግን ማን ወሰደው ነበር የሚሉት። የኢኮኖሚ አሻጥር ይሉታል። ፈሪን ያስራሉ፤ አሻጥረኛን ምን እንደሚያደርጉት ታውቃለህ። እናትህ በዚያ ሳምንት አንዱን ቀብራለች።»

ሌላ ሰው ቢሆን እግሩ ላይ ይወድቅ ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁ። እንዲህ ዓይነት ቁጣ በሕይወቴ አላውቅም።

«ማን ለምኖህ?» አልኩት። «እዚያ ቆሜ ስመሰክርብህ እያየኸኝ! እዚህ አገር ድረስ ስምህን ሳጠፋ እየሰማህ ትከሻዬን ትስማለህ? ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትናገር ነበር። አፍህ እንደማያርፍ አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ክርኔን ያዘኝ። «አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ለልጅቷ ደብዳቤዬን አንስቻለሁ በላት። ሌላ ቃል አትጨምር። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። በዚህ ዕድሜዬ አንድ ቦታ አምነው ቢያስቀምጡኝ ደስ ይለኛል። ሌላ ምንም አልፈልግም ካንተ።»

ልጅቷን ጠርቼ አነሳሁ አልኳት። «ዋት? እንዴ ጋሼ፣ ሁለት ገጽ ጽፈህ!» አለች። አነሳሁ ብያለሁ አነሳሁ አልኳት፤ አልጨመርኩም። ያን ቀን ቃሌን ጠብቄያለሁ።

የጠበቅኩት ለስምንት ቀን ነው።

የተቃውሞው ጊዜ የሚያልቅበት እሁድ ከሦስት ረድፍ ኋላ ተቀምጬ ጀርባውን አያለሁ። ሱፉ ያው ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «ፈሪው እኮ ነው የታጨው» አለች፤ ሳቁ። ቃሉ የእኔ ነው፣ ከእኔ አፍ የወጣ፣ ለዓመታት የዘራሁት። መቀመጥ አልቻልኩም። የምስክርነት ሰዓት ነበርና ሚስቴ ኮቴን ሳትይዝብኝ ሄጄ ማይኩን ተቀበልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ውሃውን እኔ ለአባቴ ድንኳን እንደወሰድኩት፣ ማማው ባዶ እንደነበረ፣ እሱ ሳያይ እንደፈረመ፣ ታንከሩ ላይ ውሃ ጨምሮ መርማሪዎቹን እንዳሳሳተልኝ፣ በእኔ ፋንታ እንደታሰረ። አንድም አላስቀረሁም። አለቀስኩ። ሰዉም አለቀሰ፤ «ተመስገን! ተመስገን!» ይላል። ወንዶች ተነስተው አቀፉኝ። ቀለለኝ፤ እውነቱን ልናገርና፣ ያን ሰዓት ራሴን ወደድኩት። አምሳ አለቃው መጽሐፍ ቅዱሱን ጭኑ ላይ አድርጎ አቀርቅሮ ነበር። የሚያለቅስ መሰለኝ። ስፈልገው የለም፤ ወጥቶ ሄዷል።

ረቡዕ ፈረንጁን ከዲያሊሲስ ስመልሰው ልጅቷ ደወለች። በስፒከር አነሳሁት።

«ጋሼ፣ ኮሚቴው የሰውየውን ስም ከዕጩዎቹ አውጥቶታል።»

«ምን? ደብዳቤዬን አንስቼ የለም እንዴ!»

«ደብዳቤው አይደለም። በማይክ የተናገርከው ነው። ሳያይ ፈርሟል፤ ማስረጃ ቀይሯል። ላይክ፣ ሰው ሞቷል እኮ ጋሼ። የአብራሪው ቤተሰብ እስከ ዛሬ እውነቱን አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ሽማግሌ እናድርግ?»

«ሕይወቴን ለማትረፍ እኮ ነው!»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ሁላችንም እናከብረዋለን። ግን ያንን አንተ ባትናገር ማንም አያውቅም ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁት። ፈረንጁ «ምን ሆንክ?» አለኝ፤ ዝም በልና ተቀመጥ አልኩት። አድርሼው፣ ቀጥታ ቻምብሊ አምሳ አለቃው የሚኖርበት አፓርታማ ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። ማዕረጉን ጠርቼ አንኳኳሁ፤ እርስዎ ብዬ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ፣ በሩ ላይ ቆሜ ለፈለፍኩ።

ሰንሰለቱን ሳይፈታ በሩን ገርበብ አደረገው። ፊቱ በክፍተቱ ታየኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም ነበር።

«መጀመሪያ ፈሪ አደረግከኝ» አለ። «አሁን ደግሞ አጭበርባሪ። በቃህ?»

በሩን ዘጋው።